የዳሌ ወለል ጡንቻን መለካት፦ የትኛው ቁጥር ይታመናል?

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ጉዳይ ሴቶች ለእናታቸውም ለሐኪማቸውም ቶሎ የማይተነፍሱት ነው። ወንድሞቻችንም ጣቢያውን አትለውጡ፤ ምናልባት እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ያለ ጉዳይ ይሆናል።

በሰሙነ ሕማማት በአዲስ አበባው ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ ያለውን ምእመን ልብ ብላችሁ እዩ። ዳር ይዘው ቆመው አንገታቸውን ብቻ ዝቅ የሚያደርጉ እናቶች አሉ። አንዷን ጉልበቷ፣ ሌላዋን ወገቧ አላሰግድ ብሏታል። ጉልበትም ወገብም ሳይከለክላት ዳር የምትቆምም ትኖራለች፤ ጎንበስ ቀና ስትል ሽንቷ ጠብ ይልባታልና። ለጠየቃት ሁሉ «አሞኛል» ብላ ታልፋለች፤ ምን እንዳመማት ግን አትናገርም።

እዚያው ዙሪያ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያትና ሰሚት ባሉት ኮንዶሚኒየሞችም ነገሩ አለ። ባለ አራት ፎቆቹ ሊፍት የላቸውም። ውሃ በሄደ ቀን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሞልቶ አራተኛ ፎቅ መውጣት 20 ኪሎ ተሸክሞ መውጣት ነው። ደረጃው መሃል ላይ ሳል ቢመጣ ወይም ጎረቤት ቢያስቃት፣ የዳሌ ወለል ጡንቻዋ የደከመባት ሴት ቤት ገብታ ልብስ መለወጥ ግድ ይሆንባታል።

የምንነጋገረው ስለዚህ ጡንቻ ነው። በተለይ አንድ ጥያቄ ላይ እንቆያለን፦ ጡንቻው ይሠራል ወይ፣ ከሕክምና በኋላስ ተሻሽሏል ወይ የሚለውን በምን እንለካዋለን? ሐኪሙ ወይም ማሽኑ የሚነግረን ቁጥርስ መቼ ይታመናል? ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ቁጥሩን ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄደው፣ «አልተሻልሽም» ተብላ ለቀዶ ሕክምና የምትላከው ወይም «ድነሻል» ተብላ የምትሰናበተው ታካሚዋ ናት።

መጀመሪያ ጡንቻው የት እንዳለ። የገጠሩን የጠፍር አልጋ አስቡት። ጠፍሩ ከወጠሩት ሰው ይሸከማል፤ ሲላላ የተኛው ሰው መሃሉ ላይ ይሰምጣል። ፊኛ፣ ማህፀንና ፊንጢጣ የተቀመጡት በእንደዚህ ያለ ጠፍር ላይ ነው። ከፊት ከብልት በላይ ካለው አጥንት ተነሥቶ ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ይዘረጋል። የሽንት ቧንቧው፣ ብልትና ፊንጢጣ በመካከሉ ያልፋሉ። ጤነኛ ሲሆን ስናስል ወይም ስናስነጥስ የሆዳችን ግፊት ወደ ታች ሳይደርስ ቀድሞ ይጠብቃል፤ የሽንት ቧንቧውን ቆልፎ ይይዛል። ይህን የሚያደርገው እኛ ሳናዝዘው ነው። እርግዝናና ወሊድ፣ ዕድሜ፣ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከባድ ሸክም ያላሉታል። ሲላላ ሽንት ያመልጣል፤ ሲብስ ማህፀን ዝቅ ይላል፣ አልፎም ወደ ውጭ ይወጣል።

እንግዲህ ሴቲቱን ጠይቀን ብቻ መረዳት አንችልም ወይ? የዳባት ጥናት የሚያስተምረን እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ የተደረገውና በ2013 የታተመው ጥናት ሴቶቹን ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፤ የተወሰኑትን ደግሞ በባለሙያ አስመረመረ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው። ሲጠየቁ የማህፀን መውረድ ምልክት አለብኝ ያሉት ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም። ሲመረመሩ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የተወሰነ መውረድ ታየ። ያልተናገሩት ምናልባት አፍረው፣ ምናልባትም ስላላስቸገራቸው ይሆናል፤ የወረደ ሁሉ አያምም፣ የማያም ሁሉም መታከም የለበትም። ጥናቱ የሚያሳየው የሴቲቱ ቃልና ምርመራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዚህ በላይ የሚያስተምር ታሪክ እዚሁ አዲስ አበባ አለን። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ። ፌስቱላ ምን እንደሆነ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውን ከእናቲቱ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ሽንት ቀን ከሌት ይፈሳል። ሐኪሞቹ ቀዳዳውን ይሰፋሉ። ይሁንና ቀዳዳቸው በደንብ ተዘግቶ ሳለ ሽንታቸው መፍሰሱን ያላቆመ ሴቶች አሉ። ለእነዚህ ሴቶች «ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል» ማለት ምን ትርጉም አለው?

ስለዚህ መለካት ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ልኬት በጣም ቀላል ነው፦ ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ይገባል። ቀለሙ በብልት ግድግዳ በኩል ከወጣ ቀዳዳው አልተዘጋም። በሽንት ቧንቧው አፍ ከወጣ ግን ቀዳዳው ተዘግቷል፤ ችግሩ ሌላ ነው። ያ «ሌላ» ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በ2002 በታተመ ሥራ ላይ ኬሪ፣ ጎህና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ሆስፒታል ቀዳዳቸው ተዘግቶ ሽንት ክፉኛ የሚያመልጣቸውን ሴቶች ፊኛ በግፊት መለኪያ መረመሩ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ይረጥባሉ። በልኬቱ ግን ምክንያታቸው ተለያየ። የአንዷ የሽንት መቆጣጠሪያ ደክሟል፣ የሌላዋ ፊኛ ያለጊዜው ይኮማተራል። ለአንዷ የሚሆነው ሕክምና ለሌላዋ አይሆንም። በባሕር ዳሩ የፌስቱላ ማዕከል የሠሩት ዶክተር አንድሩ ብራውኒንግ በ2004 ያሳተሙት ዘዴም ከዚሁ ጭንቀት የመጣ ነው፦ ቀዳዳውን ሲሰፉ ከሴቲቱ ከራሷ ጡንቻና ጅማት ለሽንት ቧንቧው መደገፊያ መሥራት።

ፌስቱላ ከባዱ ጫፍ ነው። በሳል ጊዜ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ግን ቀዶ ሕክምና ከማሰቧ በፊት የምትሞክረው ነገር አለ፤ እሱም ጡንቻውን ማሠልጠን ነው። ይሠራል ወይ? ይሠራል። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ስብስብ በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በሳልና በእንቅስቃሴ ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች ሥልጠናውን ካደረጉት ከ100 ውስጥ 56ቱ፣ ካላደረጉት ደግሞ ከ100 ውስጥ 6ቱ «ድኛለሁ» ብለዋል። ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ፣ መርፌም ኪኒንም የሌለው ሕክምና ብዙ አይገኝም።

ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። «ኬግል ሥሩ» የሚል ምክር ዛሬ በየስልኩ አለ። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከአርኖልድ ኬግል ነው። ኬግል በ1948 ሥልጠናውን ሲያስተዋውቁ ግን ምክር ብቻ አልነበረም የሰጡት። በብልት ውስጥ የሚገባ፣ በአየር የተሞላና ከግፊት ማሳያ ሰዓት ጋር የተያያዘ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ሴቲቱ ስታጠብቅ ቀስቱ ሲንቀሳቀስ ታያለች። ዛሬ ምክሩ ቀርቶልናል፣ መለኪያው ተረስቷል። ውጤቱም በ1991 በታተመ አንድ ጥናት ላይ ታየ፦ 47 ሴቶች ባጭሩ በቃል ብቻ ተነግሯቸው እንዲሠሩ ተደረገ። በትክክል የሠሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሩብ ያህሉ ደግሞ ወደ ውስጥ ከመሳብ ይልቅ ወደ ታች ነበር የሚያምጡት፤ ይህም ያለውን ችግር ሊያባብስ የሚችል ነው። ለሰፈራችሁ ጂም አሠልጣኝም ይህን ንገሩት።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ መለኪያዎቹ እንግባ። የመጀመሪያውና ርካሹ የሠለጠነ ጣት ነው። ባለሙያዋ ጓንት አድርጋ ጣቷን ታስገባለች፤ «ሽንትሽንና ፈስሽን እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢ» ትላለች። የተሰማትን ከ0 እስከ 5 በሚሄድ ደረጃ ትሰጣለች፦ 0 ምንም የለም፣ 3 ማንሳት ያለበት መካከለኛ፣ 5 ጣትን የሚጨብጥ ብርቱ። ጣትን አትናቁት። የፌስቱላ ታካሚ ሆነው የመጡት ማሚቱ ጋሼ ከሐምሊኖቹ ጎን ቆመው ቀዶ ሕክምና የተማሩት በዓይንና በእጅ ነው። ጡንቻው በየትኛው ጎን እንደተቀደደ፣ የት ላይ እንደሚያም፣ ሴቲቱ እየሳበች ነው ወይስ እያማጠች፣ ይህን ሁሉ ጣት በአንድ ጊዜ ይነግራል።

ድክመቱ የጣቱ ባለቤት ሲለወጥ ነው። በ2001 የኖርዌዩዋ ካሪ ቦ እና ባልደረባዋ ሁለት ፊዚዮቴራፒስቶች ለየብቻ 20 ሴቶችን እንዲመረምሩ አደረጉ። አንድ ዓይነት ደረጃ የሰጡት ለ9ኙ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ወር አንዷ «2» ብላ ከጻፈች፣ ዛሬ ሌላዋ «3» ብትል ጡንቻው ተሻሽሏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እጁ ተለውጧል ማለትም ሊሆን ይችላል።

የግፊት መለኪያው፣ የኬግል ዘር ማለት ነው፣ ቁጥር ስለሚሰጥ ይሻላል ብለን እናስባለን። ይሻላልም፤ ግን ይታለላል። ሴቲቱ ብታምጥም፣ ሆዷን ብታጠብቅም ግፊቱ ይጨምራል። መሣሪያው የተጫነውን እንጂ ማን እንደተጫነው አያውቅም። ካሪ ቦ ያስቀመጡት ደንብ ይህን ይፈታል፦ ሲለካ መሣሪያው ወደ ውስጥ ሲሳብ በዓይን ካልታየ ያ ቁጥር አይመዘገብም። ትንሽ ደንብ ናት፤ ብዙ የውሸት ቁጥር ታስቀራለች።

አሁን ደግሞ ብዙ የሚወራለት ኤሌክትሮማዮግራፊ፣ ባጭሩ ኢኤምጂ። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው በጣም የሚሳሳትበት ነው። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝዝ ጡንቻው ውስጥ ጥቃቅን ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጣት የሚያህል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ብረት ያለው መሣሪያ በብልት ውስጥ ይገባል፣ ሌላ ማጣበቂያ ዳሌ አጥንት ላይ ይለጠፋል፤ ማሽኑም ያንን ኤሌክትሪክ በማይክሮቮልት ይቆጥራል። ማይክሮቮልት የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ነው። እቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ በአየሩ ሁሉ ይርገበገባል። ሽቦው በደንብ ካልተያዘ፣ ብረቱ ከሰውነት ጋር በደንብ ካልተነካካ ማሽኑ የሴቲቱን ጡንቻ ትቶ የመብራቱን ጩኸት ይቆጥራል።

ሁለተኛው ችግር ጎረቤት ጡንቻ ነው። ጭኗን ብትገጥም፣ መቀመጫዋን ብትጨብጥ፣ የእነሱም ኤሌክትሪክ ወደ መሣሪያው ይደርሳል። በስክሪኑ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ «ጎሽ፣ በርቺ» ይባላል። የዳሌ ወለሉ ግን ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጎበዝ ባለሙያ ዓይኗን ከስክሪኑ አንሥታ የሴቲቱን ጭን፣ ሆድና ትንፋሽ የምታየው።

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር፦ ኢኤምጂ ኃይል አይለካም። የሚለካው ትእዛዙ ምን ያህል እንደደረሰ ነው። ቁጥሩ በብልቱ እርጥበት፣ መሣሪያው በዞረበት አቅጣጫ፣ በመካከል ባለው ሥጋ ውፍረት ይለወጣል። ስለዚህ የእርስዎን 20 ማይክሮቮልት ከጎረቤትዎ 12 ጋር ማወዳደር ከንቱ ነው። በካናዳ ኦቺንክሎስና ማክሊን በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ችግር የሌለባቸውን ሴቶች በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ በተለያየ ቀን ለኩ። በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግመው ሲለኩ ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። በሌላ ቀን ግን የዚያችው ሴት ቁጥር በጣም ይራራቃል። ፍርዳቸው ግልጽ ነበር፦ ሴቲቱ በስክሪን እያየች ጡንቻዋን እንድትማርበት ይሁን፤ ሴትን ከሴት ለማወዳደር ወይም ከቀን ቀን መሻሻሏን ለመፍረድ ግን አይሁን።

ይህን ሰምታችሁ ማሽኑን እንጣለው አትበሉ። ሥርዓት ይግባለት ነው የምለው። ሃዋርድ ግሌዘር በ1995 ለብልት አካባቢ ሕመም ሕክምና ያቀረቡት አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው፦ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ አምስት ፈጣን ማጥበቅ፣ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ የሚቆይ አምስት ማጥበቅ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚያዝ አንድ ማጥበቅ፣ እንደገና አንድ ደቂቃ ዕረፍት። ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል። በዚህ ላይ ፊኛ ባዶ ይሁን፤ ጉልበት ታጥፎ በጀርባ ይተኛ፤ ያችው ባለሙያ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ቃል ትዘዝ፤ በእረፍት እየተለያየ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ። ውጤቱ በጥሬ ማይክሮቮልት ሳይሆን ሴቲቱ በዚያው ቀን ማድረግ ከቻለችው ከፍተኛው በመቶኛ ቢጻፍ ይሻላል። እንዲህም ሆኖ፣ ባለፈው ወር 14፣ ዛሬ 17 ተለካ እንበል። ማሽኑ በራሱ ከቀን ቀን ከሦስት በላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ያ ሦስት ቁጥር መሻሻል አይደለም፤ መዋዠቅ ነው። «ስንት ሆነ?» ከማለት በፊት «ስንት ይዋዥቃል?» ማለት የግድ ነው።

ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ ጤና አይምሰላችሁ። የዓለም አቀፉ የሽንት መቆጣጠር ማኅበር ባለሙያዎች በ2005 ባወጡት ምደባ ጡንቻው ደካማ ወይም የማይሠራ ብቻ ሳይሆን ከመጠን በላይ የጠበቀም ሊሆን እንደሚችል ለይተዋል። በግንኙነት ጊዜ የምትታመም፣ ሽንቷን ለመጀመር የምትቸገር ሴት በዕረፍት ጊዜ እንኳ የማይላላ ጡንቻ ሊኖራት ይችላል። እሷ መማር ያለባት ማጥበቅን ሳይሆን መልቀቅን ነው። ሳትለካ በስልክ ምክር ብቻ ቀን ሙሉ ብታጠብቅ ሕመሟን ታብሳለች።

አልትራሳውንድን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከውጭ በብልት ዙሪያ ወይም በሆድ በኩል ተይዞ ጡንቻው ሲሳብና ፊኛው ሲነሣ ያሳያል። ምንም ነገር ወደ ውስጥ ስለማይገባ ላላገቡ ልጃገረዶች፣ ከባድ ግርዛት ለተፈጸመባቸውና ምርመራ ለሚያሳቅቃቸው ሴቶች ይመረጣል። በሆድ በኩል ሲሆን ግን መነሻ የሚሆን አጥንት ስለማይታይ ስንት ሚሊሜትር ተነሣ የሚለው ቁጥር ልል ነው።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ አሁን ባለንበት ሁኔታ ሥርዓት የሌለው ውድ ማሽን ከሚገዛ በደንብ የሠለጠነ ጣት፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ካርድና አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ይበልጣሉ። ሚዛኑ ለምን መሰላችሁ? የሚታወቅ የአንድ ሰዓት ፈተና አለ። ሴቲቱ ግማሽ ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ የተመዘነ ሞዴስ አድርጋ ትራመዳለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ከወንበር 10 ጊዜ ትነሣለች፣ 10 ጊዜ ታስላለች፣ ጎንበስ ብላ ዕቃ ታነሣለች፣ በመጨረሻም እጇን በሚፈስ ውሃ ትታጠባለች። ከዚያ ሞዴሱ እንደገና ይመዘናል። ስንት ግራም እንደጨመረ የፈሰሰውን ይናገራል። ይህ ጡንቻውን አይለካም፤ ግን ሴቲቱን የሚያስጨንቃትን ነገር ራሱን ይለካል። ከሕክምና በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት አኳኋን ከተደረገ ከብዙ ስክሪን የበለጠ ይታመናል።

ወደ ሕክምና የምትሄዱ እህቶች፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሚለካኝ ማን ነው፣ በሚቀጥለውስ እሷው ናት ወይ? በምን ዓይነት አተኛኘት? በብልት የሚገባው መሣሪያ የኔ ብቻ ነው ወይስ በሚገባ ተጸድቶ ሽፋን ይደረግለታል? ቁጥሩ በካርዴ ላይ ይጻፍልኝ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ደም ከፈሰሳችሁ፣ ኢንፌክሽን ካለባችሁ ወይም ከወለዳችሁ ስድስት ሳምንት ካልሞላ የውስጥ ምርመራ ከመደረጉ በፊት ተናገሩ። ሽንት እየሸናችሁ መሃል ላይ እያቋረጣችሁ መለማመድ ግን ይቅር፤ ፊኛን ያውካል። ፊዚዮቴራፒስት አገናኙኝ በሉ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያስመርቃቸው ቆይቷል፤ ሙያው ከወገብና ከጉልበት ብቻ ጋር የተያያዘ አይደለም።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙልኝ። በሳል ወይም በሸክም ጊዜ ጠብ የሚልና ቀን ከሌት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት አንድ አይደሉም። ከተራዘመ ምጥ በኋላ ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ የጡንቻ ሥልጠናም ልኬትም አትጠብቁ፤ ፌስቱላ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ። ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታሎች አሉ፤ ለሕክምናው ክፍያ አይጠየቅም።

(የመዝጊያ ዜማ)